በደከመ ድንጋይ የተማርኩት ሙዚቃ

ያ ሙዚቃ ዛሬም የሆነ ቦታ ሲከፈት ፊቴ ይቃጠላል። የፈረንጅ ነው፤ ዘፋኝ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተሠራ ነው። ሰው ብድግ ብሎ ይጨፍራል፤ እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሰላ ዳር፣ መብራት ያልገባበት ሰፈር እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። እናቴ ግን አላለቀሰችም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ጎረቤት ካየ ደግሞ «ምን ሰማሽ?» ማለቱ አይቀርም። ያ ሙዚቃ ያለበት ካሴት እስኪመጣ ድረስ የምታለቅስበት ሰበብ አልነበራትም።

ካሴቱን የሰጠኝ ጢቾ ከተማ የሚያስተምረው አጎቴ ነው። ቴፓችን በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም በጥርሳችን ነከስ ነከስ አድርገን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከተዋለን፤ አዲስ የሚገዛው ለበዓል ነው። ካሴቱን ስከፍተው ሙዚቃው በወፍራም ድምፅ፣ እየተጎተተ ወጣ። ትዝታ ትዝታ አለኝ። ስንዴ ትለቅም የነበረችው እናቴ እጇ ቆመ፤ እንባዋ ሰፌዱ ላይ ጠብ አለ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም። ዘፈኑ ነው፤ ሆድ ያባባል።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ «እስኪ ያን ዘፈንህን» ትለኝ ጀመር። ጎረቤት ሲገባም «ዘፈኑ ነው» ትላለች፤ እነሱም አብረዋት ይተክዛሉ። ምን ሰማሽ ያላት አልነበረም።

እኔ ደግሞ መብራት ባለው በቀበሌው አዳራሽ ኦርጋን መነካካት ጀምሬ ነበር። የቀበሌው የኪነት ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ሊመርጥ ነው ሲባል ያንኑ ሙዚቃ አጠናሁ። አስቸገረኝ፤ ድምፁ ከነጩም ከጥቁሩም ቁልፍ ጋር አልገጥም እያለ መሃል ላይ ይንሳፈፋል። ጆሮዬን ወቀስኩ እንጂ ቴፑን አልጠረጠርኩም። በመጨረሻ ዝቅ ወዳለው ቁልፍ አስጠጋሁት፤ የምቱንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ዝግታው አዞርኩት። ልክ አመጣሁት ብዬ ልቤ አበጠ።

የምርጫው ዕለት እናቴ ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። ተጫወትኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቴ እንደ ልማዷ አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጡት የአርሲዋ ጎረቤታችን «ባዬ ጋሪዳ፣ በጣም ጥሩ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

መራጩ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የሙዚቃ መምህር ነበሩ።

«ምነው ቀብር አስመሰልከው?» አሉኝ።

«ካሴቱ ላይ እንዲህ ነው ጋሼ» አልኩና፣ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ካሴቱን ከኪሴ አወጣሁ። በመብራት በሚሠራው የአዳራሹ ቴፕ ከፈቱት።

ቀጭን፣ ፈጣን፣ የሚዘል ነገር ወጣ። ያ ሁሉ ትካዜ የት እንደገባ አላውቅም። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቀጥሎ ወንበር እየገፉ መጨፈር ጀመሩ። መምህሩም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ድንጋይህ ደክሞ ነው፤ ሲደክም ሙዚቃው ይዘገያል፣ ድምፁም ይወርዳል» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባሰው ግን ከኋላዬ ነበር። ዞር ስል እናቴ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል ፊቷ እንደረጠበ ተቀምጣለች። ከጎረቤቶቿ አንዷ ትከሻዋን ይዛ «ለጭፈራ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የምታለቅሺው? ምን ሰማሽ?» አለቻት።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራርጋ ተነሣች። ለራሴ ካፈርኩት ይልቅ ለእሷ አፈርኩ፤ እንዲህ ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ተመረጥኩ አልተመረጥኩ ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ተከተልኳት። ቤት እንደደረስን ድንጋዮቹን ከቴፑ አውጥቼ ሽንት ቤት ወረወርኳቸው።

እስከ ፋሲካ ቴፑ ዝም አለ። ለበዓሉ አዲስ ድንጋይ ተገዛ። ከበዓሉ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እናቴ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠችና በሩን አየት አደረገች፤ ማንም አልነበረም።

«እነዚያ አሮጌዎቹ ድንጋዮች አሉ?» አለችኝ።

«ጣልኳቸው።»

ሰፌዷን ወደ ጉልበቷ ሳብ አደረገች።

«በአዲሱ ልክፈትልሽ?»

«ይቅር ልጄ» አለች ስንዴዋን እየለቀመች። «በአዲሱ አይለቀስም።»