ጭቃ የዋጠው ፍላት ጫማዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ስሄድ ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን መሳቅ ቀርቶ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ስሜ እታገኝ ይባላል፤ መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ረዥም ነኝ። እንዲሁ ዘለግ ያልኩ ማለቴ አይደለም። የሰሌዳው ጫፍ ላይ ስጽፍ እጄን ወደ ላይ መዘርጋት አያስፈልገኝም። ጓደኞቼ ገበያ ውስጥ ሲጠፋፉ እኔን አይተው ነው የሚገናኙት።

የዚያን ጊዜ እጮኛዬ የነበረው ደምሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ጨዋና ሳቂታ ሰው ነው። ቁመቱ ግን ጆሮዬ አካባቢ ያበቃል። እሱ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔ ነኝ የምጨነቀው። ከተዋወቅን ጀምሮ ታኮ ያለው ጫማ አድርጌ አላውቅም። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ የመንገዱን ዝቅ ያለ በኩል እመርጣለሁ።

ያን ክረምት አንድ ቀን ደምሰው፣ “እናቴ ‘ልጅቷን ሳላያት ሽማግሌ አይላክም’ ብላለች” አለኝ። እናቱ እትዬ ታንጉት የሚኖሩት አቀስታ ነው፤ አባቱ ካረፉ ቆይተዋል።

“ስለ ቁመቴ ነግረሃቸዋል?” አልኩት።

“ምኑ ይነገራል?” አለኝ።

ይህ መልስ ይባስ አስፈራኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ ወደ ዘሀራ ሄድኩ። ዘሀራ ከሳዑዲ ተመልሳ ገበያው አጠገብ ቡቲክ የከፈተች ጓደኛዬ ናት። እግሬ አርባ ቁጥር ስለሆነ ቆንጆ ፍላት ጫማ ማግኘት ለእኔ መከራ ነው። ሌሎቹ ሻጮች ቁጥሬን ስነግራቸው ወደ ወንዶቹ መደርደሪያ ነው የሚመሩኝ። ዘሀራ ግን ጅዳ ላለችው እህቷ ደወለች፤ እህቷም ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላከችልኝ።

ጫማው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ነው። ፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ወርቃማ ዘለበት ጣል የተደረገበት፣ ሶሉ ስስ። ስረግጥ የመሬቱን ጠጠር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ከዚህ በላይ አጭር የሚያደርገኝ ጫማ አልነበረም፤ ከዚህ በላይ የሚያምርም አይቼ አላውቅም።

“ወላሂ የንግሥት ጫማ ነው” አለችኝ ዘሀራ። “ግን በኮንጎ ሂጂና እዚያ ስትደርሺ ቀይሪው። ክረምት ነው፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ።”

እሺ አልኳት። ግን እትዬ ታንጉት መናኸሪያ ድረስ መጥተው ቢቀበሉኝስ? መጀመሪያ የሚያዩኝ በፕላስቲክ ጫማ ሊሆን ነው? አላደረግኩትም። ከቤቴ እንደወጣሁ ፍላቴን ተጫምቼ ከደምሰው ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ከመንገዱ እኩሌታ በላይ ከሄድን በኋላ አንድ ቁልቁለት ላይ የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ሰመጠ። ሾፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞተሩን አስጮኸና ተስፋ ቆረጠ።

“ውረዱ! ወንዶች ግፉ፣ ሴቶች በጥግ በጥግ እለፉ!” አለ።

ደምሰው ሱሪውን ሰብስቦ ከኋላ ሊገፋ ሄደ። እኔ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ በጥግ በኩል መራመድ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ አልወጣም። ዞር ስል ጭቃው አፉን ገጥሟል። ጭራሽ የተረገጠ ቦታ አይመስልም።

“ጫማዬን!” ብዬ ጮህኩ።

ደምሰው መግፋቱን ትቶ እየሮጠ መጣና እጁን እስከ ክርኑ ከተተው። ከፊት ወንበር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በከዘራቸው ይወጉ ጀመር። “አብሽሪ ልጄ፣ የትም አይሄድም” አሉኝ። ጥቂት ቆይተው፣ “ይኸው!” ብለው አንድ ነገር በከዘራቸው ጫፍ አወጡ።

አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ ነው።

“ይሄ አይደለም አባባ” አልኳቸው።

“እንዴ፣ ታዲያ የማን ነው?” አሉ ሽማግሌው፤ ተሳፋሪው ሁሉ እግር እግሩን አየ። የማንም አልነበረም። ከእኔ በፊትም አንድ ምስኪን እዚያው ቦታ ላይ ጫማውን ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን በአንድ እግሬ ቆሜ እንባዬ መጣ።

“ምን ያስቃል? ዛሬ እኮ አማቴ ሊያዩኝ ነው!” አልኩ።

አምልጦኝ ነው። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሚኒባሱ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ሾፌሩ ሳይቀር ወርዶ በአካፋ ጭቃውን ገለበጠ። ጫማው ግን አልተገኘም። ሽማግሌው፣ “ሴትዮዋ የሚያዩት አንቺን ነው ወይስ እግርሽን?” ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

ሚኒባሱ ተገፍቶ ወጣ፤ ሁላችንም ገባን። ያኔ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሴት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

“ስንት ቁጥር ነሽ?”

“አርባ” አልኩ እያፈርኩ።

“ተመስገን! የልጄም እግር እንደዚሁ ትልቅ ነው” አሉና ከዘንቢሉ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። “ደሴ ኮሌጅ ልትመረቅልኝ ነው። ለእሷ የገዛሁት ነው። እኔ ነገ በማለዳ ነው ወደ ደሴ የምሳፈረው። ዛሬ አቀስታ መናኸሪያው ፊት ለፊት እህቴ ሻይ ቤት አድራለሁ። ከዚያ በፊት አጽድተሽ አምጪልኝ።”

ፈትቼ አየሁት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ረዥም ታኮ!

“እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን በባዶ እግሬ ብሄድ ይሻለኛል” አልኩ።

“በባዶ እግርሽ? ጫማ የሚገዛላት እንኳ የላትም ይበሉሽ? በይ አድርጊው!”

“አድርጊው እንጂ!” አለ ሚኒባሱ በአንድ ድምፅ። ቀና ብዬ ደምሰውን አየሁት። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

አቀስታ ስንደርስ በዚያ ታኮ ላይ ወጣሁ። ደምሰው ጆሮዬ ላይ መሆኑ ቀርቶ ትከሻዬ ላይ ደረሰ። ደግሞም የሆነ ነገር ሆኗል። ሲራመድ ጫማው ጭቅ ጭቅ ይላል፤ በግራ በኩልም ዘንበል ይላል።

“እግርህን ተመታህ?” አልኩት።

“ደህና ነኝ፤ አንቺ ብቻ እንዳትወድቂ” አለኝ። ጭቃው ላይ በታኮ ሚዛኔን ለመጠበቅ ትከሻውን ይዤ ነበር የምሄደው። ያየን ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ቤቱ በር ላይ ስንደርስ በቀሚሴ ውስጥ ጉልበቶቼን እጥፍ አደረግኩ። ቀሚሴ ረዥም ስለሆነ አይታወቅም ብዬ ነው። እንደዚያው ሆኜ ጠበቅኩ።

እትዬ ታንጉት ከውስጥ መጡ። የበሩን ጉበን እንዳይመታቸው ጎንበስ ብለው ወጡና ቀና አሉ። ቀና ማለታቸው አላልቅ አለኝ። እንዲህ ያለች ረዥም ሴት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው መሃል ላይ ቆመ።

“ልጄ፣ ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ?”

“ኧረ አያመኝም እትዬ።”

“እንግዲያ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ልይሽ።”

የቀረ ነገር የለም ብዬ ቀጥ አልኩ። ዓይን ለዓይን ገጠምን። እትዬ ታንጉት ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

“እሰይ! ለካ በዚህ አገር እኔ ብቻ አይደለሁም!”

አቅፈው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ሰው ሲስመኝ ጎንበስ ያላልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ቤት ሲያስገቡኝም ወሬአቸውን አላቋረጡም፤ “ነፍሱን ይማረውና የደምሰው አባት እዚህ ጋ ነበር” ብለው ብብታቸውን አሳዩኝ። “ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። ሊያርፍ ሲል ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ታንጉት፣ ሁልጊዜ መሬት መሬት የምታዪው ምን ጠፍቶብሽ ነው?’ አለኝ። ሰውየው ለካ አንድም ቀን አልታወቀውም!”

እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ደምሰው በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

“ጫማህን አውልቅና ወደ እሳቱ ና እንጂ፤ ረጥበሃል” አሉት።

“እደርቃለሁ እማ።”

እትዬ ታንጉት ልጃቸውን ያውቁታል። እጁን ይዘው በርጩማ ላይ አስቀመጡትና ጫማውን ሳብ አደረጉት። ከውስጡ አጥፎ አጥፎ የደራረበው ካርቶን በጭቃ ውኃ ረስርሶ ወጣ። የብስኩት ካርቶን ነው፤ ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል። የግራው ሙሉ በሙሉ ቀልጧል፤ ሲያነክስ የዋለው ለዚህ ነው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉት።

ደምሰው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። “እሷ እኔ ጋ ስትሆን ጎንበስ ትላለች። ትንሽ ከፍ ብል ቀና ትላለች ብዬ ነው” አለ።

ለካ ያያል። እኔ በስስ ሶል ወደ ታች፣ እሱ በብስኩት ካርቶን ወደ ላይ፣ መሃል ላይ ልንገናኝ ስንለፋ ከርመናል። መጀመሪያ እትዬ ታንጉት ሳቁ፣ ከዚያ እኔ፤ በመጨረሻ እሱም ሳቀ።

ትንሽ ቆይቼ፣ “እናትህ እንዲህ ረዥም መሆናቸውን ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“እናቴ እኮ ናት። ቁመቷን መቼ አይቼው አውቃለሁ?” አለኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ጫማውን አጽድቼ ሻይ ቤቱ አደረስኩ። ሴትየዋ ወዲያው፣ “ወደዱሽ?” አሉኝ። የሆነውን ስነግራቸው የያዙት ሻይ እስኪፈስ ሳቁ። ልጃቸው ተመርቃ ይሆናል። የእናቲቱን ስም ሳልጠይቅ መለየቴ ይቆጨኛል።

ዘሀራ የቀረኝን አንድ እግር ፍላት ስታይ፣ “እህቴን የቀኙን ብቻ ላኪ ልበላት?” ብላ ቀለደችብኝ። በኋላ ሌላ ሙሉ ጫማ አስመጣችልኝ። ፍላት ጫማ አሁንም እወዳለሁ፤ እግሬ ላይ ስለሚያምር ነው። ስፈልግ ደግሞ ታኮ አደርጋለሁ። ደምሰው አጠገቤ ሲሄድ ደረቱን ነፍቶ ነው።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለድን። እትዬ ታንጉት ከአቀስታ ደወሉልኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ካሉኝ በኋላ፣ ሌላ ሰው ሁሉ የልጅቷን ኪሎ ሲጠይቀኝ እሳቸው ቁመቷን ጠየቁኝ። ነርሷ ለክታ የጻፈችውን አነበብኩላቸው። እልልታቸውን አቀለጡት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ ሰሙ። እነሱም፣ “ምን ተገኘ?” ሲሉኝ፣ “ልጄ ረዥም ናት” አልኳቸው። ይህን ቃል ጮክ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።