ቀስ በል በእግሩ የሄደ ዕለት

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚቀድመውን ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀስ በል!» እያለ ስለሚገስጽ መነኸሪያው በሙሉ ቀስ በል ይለዋል። ሚስቱም ብትሆን ካልተናደደች በቀር በዚሁ ነው የምትጠራው። እሷ ቤቷ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሲነዳ እሷ ስትሰፋ፣ ሁለቱም ቁጭ እንዳሉ አረጁ።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ጉድ ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ትልቁ ከተማ ሲመላለስ ከተማዋን አያውቃትም። አመሻሽ ላይ ይደርሳል፣ ተሳፋሪውን ያራግፋል፣ አውቶቡሱን ጠርጎ የኋላው ወንበር ላይ ኩርምት ይላል፤ ሳይነጋ ይመለሳል። በቃ። ግን ያኔ ገና አዲስ ሙሽሮች ሳሉ፣ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ «እሺ፣ ምን አየህ?» ስትለው፣ ያንን ፊቷን እያየ «የአውቶቡሱን ጣሪያ» ማለት እንዴት ይቻለው? አፉ እንዳመጣለት፣ መናፈሻ አለ አላት። መሃሉ ላይ ሽቅብ የሚፈናጠቅ ውሃ፣ አጠገቡ የምታርፍ አንዲት ነጭ ወፍ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አግዳሚ ወንበር። እዚያ ቁጭ ብዬ አንቺን ሳስብ ነው የማመሸው አላት። አንዴ ከአፍ ወጣ፣ ምን ይደረግ? በየምልልሱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምርባት ወፏ እንቁላል ጣለች፣ ጫጩትም ፈለፈለች።

አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ይህ የመጨረሻ ጉዞው ነው። አውቶቡሱ እዚያው ከተማ ጋራዥ ስለሚገባ አንድ ሙሉ ቀን እረፍት ተገኘ፤ ሚስቱም «ያቺን ወንበርህን ሳላያትማ አልቀርም» ብላ አብራው መጥታለች። መንገዱን በሙሉ ሲፈራ ነው የመጣው። ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተዋል። ከነገ ጀምሮ ከእሷ ጋር ቤት ሊውል ነው። ዘመኔን ሁሉ ሲያታልለኝ ኖረ ብላ የተቀየመችው እንደሆነ በምን ዓይኑ ያያታል?

ጠዋት ከመነኸሪያው ወጡ። እሱ የሚያውቀው የአውቶቡሱን መስመር ብቻ ነውና በዚያው ይዟት ሄደ። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ልትሻገር ስትል ክንዷን ያዘና በቀኝ በኩል አዞራት፤ የእግረኛ ማቋረጫው አፍንጫቸው ሥር እያለ። አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ዳቦ ቤት አይታ ልትገባ ስትል ደግሞ ምልክቱን አሳያትና በዚህ በኩል መግባት ክልክል ነው አላት። አይ ሾፌር! በእግራችን እኮ ነን ስትለው አፍሮ ራሱን አከከ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ተሳፋሪህ አይደለሁም» አለችው እየሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ መሪው በእሷ እጅ ገባ።

ዳቦውን ገዛች። የአዝራር መደብር አገኘችና የመስታወቱ ፊት ተገትራ ቀረች። ሰገነት ላይ ምንጣፍ የምታራግፍ ሴት አቧራውን አናታቸው ላይ አፍስሳባቸው ይቅርታ ስትጠይቅ ሦስቱም ሳቁ። ከቤቶቹ መሃል ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ሲያገኙ ቀስ በል አፉን ከፈተ። አውቶቡስ ደረጃ አይወጣም፤ ይህች ከተማ ደረጃ እንዳላት በምን ይወቅ? ወጥቶ ሲያበቃ ወርዶ እንደገና ሊወጣ ምንም አልቀረው። ደስ ብሎት ፍርሃቱን ሊረሳ ሲል ነው ሚስቱ መናፈሻውስ ያለችው።

ደረጃው አናት ላይ አንድ መናፈሻ ነበር። ሣር፣ ዥዋዥዌ፣ በጎማ ውሃ የሚያጠጣ አትክልተኛ። የሚፈናጠቅ ውሃ የለም። እሷ አትክልተኛውን ጠጋ ብላ ጠየቀችው። እሱም ጎማውን ከፍ አድርጎ አሳይቷት፣ እናቴ፣ እዚህ ያለው ውሃ ይሄ ብቻ ነው፤ ተወልጄ ባደግኩባት ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ አላት። ቀስ በል አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«የለም» አላት አጠገቡ ስትቀመጥ። «ወፏም የለችም። ከመነኸሪያው ወጥቼ አላውቅም።»

እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ነበር። «አውቃለሁ» አለች።

ቀስ በል ዞር ብሎ አያት።

«ሱሪህን የምጠግነው እኔ አይደለሁ? የሚራመድ ሰው ሱሪው ከታች ከጫፉ ነው የሚያልቀው። ያንተ የሚሳሳው መቀመጫው ነው። ገና ድሮ ነው ያወቅኩት።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አላት። እሷ የአትክልተኛውን ውሃ እያየች መለሰችለት።

«ስትገባ ድካሙ ገድሎህ ነበር የምትገባው። ስለ ወፏ ስታወራ ግን ዓይንህ ይገለጣል። አውቃለሁ ብልህ ኖሮ በልተህ ትተኛ ነበር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ወሬህን ነው።»

አንጀቱን በላችው። እንባው ሲመጣ ወደ ዥዋዥዌው ዞረ፤ እሷም እንዳላየች ሆና ዳቦውን ቆርሳ እጁ ላይ አኖረችለት። እስኪመሽ ሲንሸራሸሩ ዋሉ። ሲመለሱ ያችን ጠባብ መንገድ ራሱ ቀስ በል ነው መርቶ ያስገባት፣ ክልክል ነው ባለው በኩል።

አገራቸው በገቡ ማግስት ጎረቤታቸው ባለሱቋ ወሬ ልትለቅም መጣች። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የእሱ ሱሪ፣ ጫፉ ተረግጦ ተተርትሯል። ከተማው እንዴት ነው ብላ ባለሱቋ ስትጠይቃት ቀና እንኳ አላለችም።

«መናፈሻ አለ» አለች ክሩን እያስገባች። «መሃሉ ላይ ውሃ ሽቅብ ይፈናጠቃል። አጠገቡ አንዲት ነጭ ወፍ ታርፋለች።»

ባለሱቋ ተደንቃ እውነት ነው ወይ በሚል ወደ ቀስ በል ዞረች። ቀስ በል ሚስቱን አየ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«እውነት ነው» አለ። «ጫጩቶቿ ጎጆ ወጥተውባታል። አሁን ባሏ ነው አብሯት የሚውለው።»