ድብ ባሕር ግድግዳ ላይ ያረፈችው የእሳት እራት

ጎንደር ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሰው ግን በዚህ አያውቀኝም። ታዋቂ የሆንኩት የነፍሳትን ፎቶ አይቶ ስማቸውን የሚናገር መተግበሪያ ስልኬ ላይ ከጫንኩ ወዲህ ነው። የከተማው ቁንጫና ትኋን ሁሉ በቴሌግራም ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር።

አራዳ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ አንድ ቀን ፍራሿ ላይ ያገኘችውን ተባይ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። መተግበሪያው «ጥንዚዛ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ እኔም እንደ ወረደ ነገርኳት። ስታክ ያደረች ሴት ናትና «እንግዲያው ና ጥንዚዛህን ውሰድ» ብላ መለሰችልኝ። አልከፋኝም። የእኔ ልክፍት የእሳት እራት እንጂ ትኋን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ አምፖል ሥር ያረፉትን በሆዴ ተኝቼ ፎቶ አነሳለሁ፤ ባለቤቴ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ዛሬስ ይጠረጋል?» ትለኛለች። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፌ አይቻቸው የማላውቅ የባሕር ማዶ ሰዎች «ትክክል ነህ» ካሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ እውላለሁ።

ባለፈው ክረምት ድብ ባሕር የሚያርሱት አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በልጃቸው ስልክ ፎቶ ላኩልኝ። አንዲት ግራጫ የእሳት እራት ግድግዳቸው ላይ አርፋለች። ወዲያው ደወሉ።

«ምነው ዘንድሮ እንዲህ በዙ? ጤፌ ገና ለጋ ነው፤ ይነኩብኝ ይሆን?»

«አጣርቼ ልደውል አያ» አልኳቸው።

ያጣራሁት ግን ስሟን ነው። ክንፏ ላይ ስላለችው ነጣ ያለች ነጠብጣብ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ሦስት ቀን ተከራከርኩ፤ በመጨረሻም ረታሁት። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለአጎቴ ደወልኩና የላቲን ስሟን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«ጤፌንስ?»

«ጥርስ እንኳ የላትም፤ የአበባ ወለላ ነው የምትመጠው። አይስጉ።»

«ሸጋ! የግብርና ባለሙያዋን ልጠራ ነበር፤ እንግዲህ ለምን ላድክማት» አሉና መረቁኝ።

በተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ለክረምት ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ የተለመደውን የነፍሳት ዕድገት ክብ ሣልኩ፦ እንቁላል፣ ትል የሆነው እጭ፣ ሙሽሬ፣ ክንፍ ያወጣው ጉልምስ። በየዓመቱ ለፈተና የማወጣው ጥያቄ ነው፤ የሳተውን ተማሪ በክፍሉ ፊት አላግጥበታለሁ።

«ሰብል የሚበላው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እጩ!» አለ። ጠመኔውን ጣልኩና ስልኬን አወጣሁ።

ከክፍል ወጥቼ ደወልኩ። አጎቴ ማሳቸው ውስጥ ነበሩ።

«ተምች ወረደብን» አሉ። «ከወንዙ በኩል ያለው ጤፍ አልቋል፤ ትሉ መሬቱን አጥቁሮታል። ጎረቤቶቼ ከዝናቡ ጋር የወረደ ነው ይላሉ። አንተ የተማርኸው ምን ትላለህ?»

በዝናቡ ማላከክ ለአፍታ ዳዳኝ። እሳቸው ያምኑኝ ነበር፤ ዝናቡም አይከራከረኝም። እንዲህ ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።

«ከእሷው ነው አያ።»

«ከማን?»

«ጥርስ የላትም ካልኩዎት። ትሎቹ ልጆቿ ናቸው።»

 

«ምነው ታዲያ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ሁሉ ስም ስትነግረኝ፣ ልጆች እንዳሏት ሳትነግረኝ?»