አንቀልባ ለክታ የማትገዛው ሴት

ልጅ እያለሁ የነቀምቴን ሴቶች ግማሾቹን በፊታቸው ሳይሆን በጀርባቸው ነበር የማውቃቸው። አትሳቁብኝ፣ ወላሂ እውነቴን ነው። አባዬ አንቀልባ ሰፊ ነበር፣ እኔ ደግሞ መለኪያው።

የዛሬ እናቶች አንቀልባ ሲባል ሆቴል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ይመስላቸዋል። ያኔ እኮ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ከሚገዛላት ዕቃ ሁሉ ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነበር። የለሰለሰ የፍየል ሌጦ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተደረደረበት፣ በትከሻና በወገብ ዞሮ የሚታሰር ረጅም ማሰሪያ ያለው። አባዬ በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ወለጋ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነው። ከአባቱ ቤት ይዞት የወጣው ንብረት ቢኖር አንድ ወስፌና ሙያው ብቻ። እርሻው አልሆንለት ሲል ነቀምቴ ገባ፣ እናቴን አገባ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየና ገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ። የሱቋ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፦ የሌጦው ጠረን፣ ማለስለሻው ቅቤ፣ እናቴ ጉልበቷ ላይ እያሸች ክሩን የምትቀባው ሰም። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ የቀዩ ጭቃ ሽታ ይጨመርበታል።

አባዬ ሲሰፋ ዝም፣ ሲሸጥ ግን አፉ አያርፍም። ስለ ንግድ የማይመክረው ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ያሉትን ድንች ሻጮች ሳይቀር ይመክራል። ዛጎሉን ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ስቀሉት፣ ሴቱ በሩቅ ያየዋል ይላል። ቆዳ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው፣ በደንብ ያልደረቀ ሌጦ ሱቅ አታስገቡ ይላል። ርካሽ ክር አትግዙ፣ ስፌቱ የተፈታ ቀን የምትሰደቡት እናንተ ናችሁ እንጂ ክር ሻጩ አይደለም ይላል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረው፦ ገዢ ሳታዝል ዋጋ አይነገርም። "ኮቱ ኢላሊ!" ይላል በኦሮምኛ፣ ነይ እዪው ለማለት፤ ከዚያ እኔን ብድግ አድርጎ ሴትዮዋ ጀርባ ላይ ያስቀምጠኛል። ልጅ ጀርባዋ ላይ ሞቅ ካላት በኋላ አውርዳ መሄድ የሚሆንላት ሴት የለችም ባይ ነው። አንድ ቀን እናቴ በልጄ ፈንታ ለምን ጆንያ እህል አታሳዝላቸውም ብትለው፣ "እንዴ! ጆንያ ማሰሪያው ሲቆርጠው ያለቅሳል?" አላት።

ቀጫጫ ስለነበርኩ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በመለኪያነት አገልግያለሁ። የበርበሬ ሽታ ያለው ጀርባ ነበር፣ የባሕር ዛፍ ጭስ የጠገበ ጀርባ ነበር፣ አጥንቱ የሚወጋ ጀርባ ነበር፣ ወፍጮ ቤት ውላ የመጣች ሴት ዱቄት የቦነነበት ጀርባም ነበር። አንዳንዱ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ አባዬ ደስታው ለብቻ ነው። "አያችሁ፣ ተኛች! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር አለ?" እያለ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ያሳየኛል።

አገሩን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የወለደች ሴት በገዛ ስሟ አትጠራም። ሃዳ ቶሌራ፣ ሃዳ ጫልቱ ትባላለች፤ የቶሌራ እናት፣ የጫልቱ እናት ማለት ነው። እናቴ እንኳ ወሎዬ ሆና ሳለ እኔን ከወለደች ወዲህ የራሷ ስም ተረስቶ ሃዳ ሀያት ሆና ቀርታለች። ወደ ሱቃችን ከሚመጡት ሁሉ በስሟ የምትጠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አዴ ዲንቂቱ። አዴ እንግዲህ የአክብሮት ነው፣ እንደ ወይዘሮ። ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ሳትወልድ ብዙ ዘመን ቆይታ ባሏ ሌላ አግብቶ ሌላ ቤት ሠርቷል፤ ይህን ገበያው ሁሉ ያውቃል።

አዴ ዲንቂቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የተሰቀለውን አንቀልባ ታስወርዳለች፣ እኔን ታዝላለች፣ እስከ መስጊዱ ማዕዘን ሄዳ ትመለሳለች። ከዚያ ማሰሪያው ረዘመ ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አጠረ ትላለች። ሌላ ጊዜ ሌጦው ጠንክሯል ትላለች። አንድም ቀን ገዝታ አታውቅም። አባዬ ማታ ማታ ይነጫነጫል፣ ለማትገዛ ሰው ዕቃዬን አሳሸሁት ይላል። እናቴ ግን "አቦ ተዋት! ምንህ ጎደለ?" ትለዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ያው አባዬ ራሱ ነው አንስቶ የሚያሳዝለኝ።

የእሷን ጀርባ ከሁሉም እወደው ነበር። የሳሙና ሽታ ነበረው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ የነጭ ልብስ ሽታ። ስትሄድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በጉሮሮዋ ታዜማለች። አፏን አትከፍትም፤ ዜማው ከጀርባዋ ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ይገባል። እኔ የሙስሊም ልጅ፣ የጴንጤ መዝሙር የተማርኩት በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው ብል ማን ያምነኛል? ዛሬም የአንዱን እንኳ ቃሉን አላውቅም፣ ዜማውን ግን አልረሳሁትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዷ አዘለችኝ። አባዬ ሌላ ገዢ ይዞት ስለነበር ራሱን ነቅንቆ ብቻ እሺ አላት። መስጊዱ ማዕዘን ደረስን። አልተመለሰችም። ጎረቤታችን ወዳለችው ወደ ጉቴ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ረጅም ሽርሽር ስለሆነልኝ ደስ ብሎኛል። ከከተማው ስንወጣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ደረሱብን፣ አህያ የሚነዱ፣ አዴ ዲንቂቱን የማያውቋት። ቆም ብለው እንዴት ነሽ አሏትና፣ "ሃዳ ኤኙ?" ብለው ጠየቋት፣ የማን እናት ነሽ ማለታቸው ነው። መዝሙሩ ቀጥ አለ። ልቧ ሲመታ እኔ ደረት ላይ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ፣ "ሃዳ ሀያት" አለቻቸው። እነሱም ሃዳ ሀያት፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ ብለዋት አለፉ። ከዚያ በኋላማ የምናገኘውን ሰው ሁሉ እሷው ቀድማ ሰላም ትል ጀመር። ሰላም ትላለች፣ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። ድምፅዋ ከሰው ሰው እየደፈረ ሄደ። ሩቅ ሄድን።

በኋላ ካፊያው ጀመረ፣ እኔም ራበኝ። "እማዬ ጋ" ብዬ አለቀስኩ። እግሯ እዚያው ቆመ። ከዚያ "እሺ፣ ኢንታላ ኮ" አለችኝ፣ እሺ ልጄ እንደማለት ነው፣ ፊቷንም ወደ ነቀምቴ መለሰች። ስንመለስ የሚያገኙንን ሰዎች ሰላም አላለችም፤ መዝሙሩም አልነበረም።

ገበያው ተደበላልቆ ጠበቀን። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ እየጮኸች ነው። ዱላ የያዙ ወንዶች አሉ፣ ፖሊስ ጥሩ የሚል አለ፣ መካን ናት፣ ልጅ ልትሰርቅ ነው ስትመላለስ የከረመችው የሚል አለ። አዴ ዲንቂቱ መሀል ላይ ቆመች፣ አንገቷን ደፍታ። አንዱ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። ያን ጊዜ አባዬ ሰውን እየገፋ ገባ። እጁ ላይ ወስፌ አለ፤ ሁሉም ሊወጋት መስሎት መንገድ ለቀቀለት።

"ምን ሆናችኋል?" ብሎ ጮኸ። "እኔ ነኝ የላክኋት! የአንቀልባ ማሰሪያ ገበያ መሀል በመንጎራደድ ይለካል? ረጅም መንገድ ሂጂና ሞክሪልኝ ብያት ነው። ልቀቃት አንተ!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዴት ነው አዴ ዲንቂቱ፣ ማሰሪያው ቆረጠሽ?" አላት።

"አልቆረጠኝም" አለች፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ። እናቴ ከጀርባዋ ላይ ነጥቃ ወሰደችኝ። አንቀልባው ትከሻዋ ላይ ባዶውን ቀረ። አባዬም መልሽልኝ አላላትም። ባዶ አንቀልባ አዝላ በጭቃው ስትሄድ በእናቴ ትከሻ በኩል አየኋት።

ማታ እናቴ አባዬን አፋጠጠችው። እንዴት ልጄን ለወሰደች ትዋሽላታለህ አለችው። እሱ ወስፌው የወጋውን መዳፉን በጨርቅ ይጠቀልላል። እኔ በዚህ መሀል መንገድ ላይ ሰዎቹ አዴ ዲንቂቱን ሃዳ ሀያት እያሉ ሲጠሯት እንደነበር አወራሁ፣ እንደ ጉድ ነገር። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። "ልጄን መለሰችልኝ" አለች፣ "ስሙንስ ትውሰደው።"

አዴ ዲንቂቱ ከዚያ ወዲያ ሱቃችን አልመጣችም። የሆስፒታል ሥራዋንም ትታ ከከተማው ጠፋች አሉ። አባዬ ቅዳሜ ሲሆን ወደ መስጊዱ ማዕዘን ያያል። ያ አንቀልባ የት ገባ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር፣ "ገና እየለካችው ነው" ይል ነበር። ይስቃል፣ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

ዓመታት አለፉ። ባለ ዘለበቱ የጨርቅ ማዘያ መጣ፣ አንቀልባ የሚገዛ ጠፋ። አባዬ ወደ ቀበቶ ዞረ፣ ከቀበቶ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን። ሰላት ሰግዶ ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስ ይሸፍናል፤ ሲቀልዱበት "ንባቡ የእናንተ፣ ዚፑ የእኔ" ይላቸው ነበር። አላህ ይዘንለት፣ አሁን እሱም የለም። ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። የስፌት ማሽን አለኝ፣ ማጣበቂያው ከአዲስ አበባ ይመጣልኛል፣ ቦርሳና ሽፋን ፎቶ አንስቼ በስልክ እሸጣለሁ። ገዢዎቼን በፊትም በጀርባም አላውቃቸውም። ልጅ ይዛ ሱቄ የምትመጣ እናት ልጇን ልቀፍልሽ ብላት ትሸሸኛለች፤ አልፈርድባትም፣ ዘመኑ ነው። ያኔ ግን እናቴ እኔን ለገበያው ሴት ሁሉ ጀርባ ትሰጥ ነበር፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንኳ አልከለከለችም። ያን ሆድ ከየት አመጣችው እያልኩ አስባለሁ።

ዘንድሮ ሽፋኖቼን ይዤ ጉቴ ገበያ ወረድኩ። አንዲት አሮጊት አንዱን አንስተው ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹና የማን እጅ ነው አሉኝ። የእኔ ነው፣ ሀያት እባላለሁ፣ ከነቀምቴ ነኝ አልኳቸው። "የቆዳ ሰፊው ልጅ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ሽፋኑን ጥለው ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ። ሴቶች ከበቡኝ። ዕቃዬ ተበላሽቶባቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እናትሽን ከፋሲካ በኋላ ቀበርናት፣ የት ነበርሽ አሉኝ። እናቴ ቤት ናት፣ ጉልበቷን ታማ ምሳ እየጠበቀችኝ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። "ሃዳ ሀያትን እኮ ነው የቀበርነው" አሉኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ወደ ቤቷ ወሰዱኝ፣ አንዲት ክፍል። አዴ ዲንቂቱ እዚያ ስትኖር፣ ልጅ አለችኝ፣ አባቷ አልሰጥም ብሎኝ ነቀምቴ ቀረች ስትል ኖራለች። እንጥራልሽ ሲሏት ተዉ፣ ትምህርት ላይ ናት፣ ስትፈልግ ራሷ ትመጣለች ትላቸው ነበር። ያ ጨካኝ አባትሽ አሉኝ። አባዬን! እንባዬ መጣ፣ ግን አልተከራከርኩም፤ እሱ ራሱ ቢሰማ አብሽሪ፣ ዝም በያቸው እንደሚለኝ አውቃለሁ።

አንቀልባው ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ስፌቱን ሳየው የአባዬ እጅ ነው። ሌጦ ቅቤ ሳይነካው ከከረመ እንደ ቅርፊት ይደርቃል፣ ማሰሪያው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ይህ የሙያዬ ነገር ስለሆነ አልሳሳትም። በሁለት እጄ ይዤ አጠፍኩት። አባዬ ሠርቶ የጨረሰው ዕለት እንደነበረው ለስላሳ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስትቀባው ኖራለች። ማሰሪያውን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ፣ እናቷ ከሞተችባት ልጅ ጋር እንደሚለቀሰው።

ስንረጋጋ አሮጊቷ አጠገቤ ቁጭ አሉ። አሁን ቁጣው ወጥቶላቸዋል፣ ግን ልጅ እናቷን ሳትጠይቅ እንዴት እንደምትቀር አልገባቸውም። እጄን ያዙና በኦሮምኛ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። "ነቀምቴ ሩቅ ነው እንዴ፣ ልጄ?"

"አይደለም እማማ" አልኳቸው። "ቅርብ ነው።"