ያልተገባ ቃል

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። አንድ አንቀጽ ጀምሬ ትቼው እነሳለሁ፤ ቀናት አልፈው ተመልሼ እቀመጣለሁ። ስለ እሱ ልጽፍ አስቤ ነበር። የማያስተኛኝ ነገር ግን ሌላ ነው።

ሎጊያ ከእኛ ቤት ቀጥሎ አንድ በያጅ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። የጅቡቲ መኪኖች ተሳቢያቸው ሲሰነጠቅ ወደ እሱ ይመጣሉ። ባለቤቴ ሾፌር ስለነበር መኪናውን ከእሱ በቀር ማንንም አያስነካም። የሁለቱም፣ የባልም የሚስትም፣ አባቶች ደጋ አገር ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ነበሩ። ይህን ማን እንዳወራው አላውቅም። ወሬው ከእህልና ከሰሊጥ ጋር ተጭኖ ቆላ የወረደ ይመስለኛል።

ባለቤቴን የተወለደበት አዋሽ ወስደን ቀበርነው፤ ለቅሶው ግን ሎጊያ ቤታችን ነበር። የበያጁ ሚስት ምስር ወጥ ሠርታ መጣች። ሴቶቹ "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ተቀበሏት፣ ድስቱን ወደ ጓሮ ወሰዱና ለውሻ ደፉት። ይህን የነገረችኝ ከደፉት አንዷ ናት፣ ውለታ እንደዋለችልኝ ቆጥራ። "ባልሽን አጥተሻል፣ አንቺን ደግሞ እንዳናጣ ብለን ነው" አለችኝ። 

ከወራት በኋላ የማዶዋ ባለሱቅ ሕፃን ልጅ አተኮሰው፣ ይቃዥ ጀመር። ዱብቲ ሆስፒታል ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። እናቱ መድኃኒቱን እያዋጠችው፣ በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ በያጁ ቤት ገባች። እኔ ከሰመራ፣ ከሥራ መመለሴ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አንዷ ጎረቤት የበያጁን ሚስት ጸጉር ጨምድዳ ይዛለች፣ ሌላዋ ቀሚሷን በምላጭ ትቀድዳለች።

"አንቺ ቡዳ፣ በልተሽው ዝም ልትዪ ነው? ትፍ በይለት" ትላለች የሕፃኑ እናት።

ምላጩ ጭኗን ቆርጦት ደሟ ይወርዳል። ከሻይ ቤቱ በረንዳ አንዱ ሾፌር፣ "ኧረ ቀስ በሉ፣ እናንተንም ታያችኋለች" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። የተቀደደውን ጨርቅ ወስደው ሕፃኑን አጠኑበት።

ልጁ ተሻለው።

"ወላሂ ጨርቁ ነው ያዳነው" አለች እናቱ። ጸጉር የያዘችው ክርስቲያኗ "በእመቤቴ፣ ጨርቁ ነው" ብላ አጸናችላት። አንዷ ቤት የታረደውን ሌላዋ አትበላም፤ በዚህ ግን ተስማሙ።

"ይህ ወንጀል ነው" አልኳቸው።

"ምን ወንጀል አለው? መድኃኒት ነው እንጂ። ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ" አለች እናቱ።

የበያጁን ሚስት ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሑት። ጥቁር ልብሴን አይቶ ተነሣ፤ እኔን "እትዬ፣ ይቀመጡ" አለኝ፤ እሷን፣ እኩያዬ የሆነችውን፣ "አንቺ እዚያ ሁኚ" አላት። የሆነውን ሰምቶ የጻፈውን አነበበልን፤ በጎረቤታሞች መካከል በተነሳ ጠብ ቀሚስ ተቀዶ ቀላል ጉዳት ደረሰ ይላል።

"ጠብ አልነበረም" አልኩት። "ምን እያሉ እንደቆረጧት ጻፈው።"

"ያልተገባ ቃል ተናገሩ ብዬ እጨምርበታለሁ።"

"ቃሉን ራሱን።"

"ነውር ነው እኮ፣ እትዬ። እርስዎን በመሰለች እናት ፊት እንዴት እጽፈዋለሁ?"

"መቁረጡ ነው ነውሩ። ቃሉን ካስቀረኸው የሠፈር ጠብ ሆኖ ይቀራል። እነሱም ሌላ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር ምላጭ ይዘው ይመጣሉ።"

ያን ጊዜ የበያጁ ሚስት ነጠላዬን ሳብ አደረገችኝ። "ይተዉት፣ እትዬ" አለች በሹክሹክታ። "ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ነው። መዝገብ ላይ ከወጣ ስማቸው ሆኖ ይቀራል።"

 ሳይጻፍ ቢቀር ነገሩ እንዳልሆነ ይቆጠራል፤ ቢጻፍ የመንግሥት ወረቀት ያንኑ ስድብ ይዞባቸው ይኖራል። ይህን እኔ ልወስንላት አልችልም።

መርማሪው እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል፣ "ለነገሩ ሳይጻፍም ይሏቸዋል" አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጻፍ። ቡዳ ብለውኛል። ቡዳ ነሽ ብለው ነው የቆረጡኝ።"

ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ለመሆኑ ዘራችሁ ከየት ነው?" አላት።

"ለመዝገቡ ነው?" አልኩት።

"አይ፣ እንዲያው ለማወቅ ነው።"

እሷ ወረቀቱን አንብባ በእሱ እስክሪብቶ ፈረመችና እስክሪብቶውን ልትመልስለት ዘረጋች። እጁን ከጠረጴዛው በታች ደበቀ።

"ይሁን፣ ይዘሽው ሂጂ" አላት፣ በዚያው ትሕትናው።

ፈርማ የጨረሰችው ወረቀት ላይ አጋድማ አስቀመጠችለት። ከበሩ ዞር ብዬ ሳይ እስክሪብቶው እዚያው ነበር፤ እሱም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ያየዋል።