በእህል የማለ ጉሮሮ

ወልደሥላሴ ቂመኛ ነበር። ምን ልዋሻችሁ፣ ያውም የሃያ ዓመት ቂም! ቦንጋ ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቁ ቁጭ ብሎ መኪናውን ሲረግጥ የሚያስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ ደጉ። ደጉ የአጎቱ ልጅ ነው። አንድ ግቢ አድገው፣ ከአንድ ገበታ በልተው ደመኛ ሆኑ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? ደጉ ረስቶት ሊሆን ይችላል። ወልደሥላሴ ግን አንዲትም ቀን አልረሳም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሳ። ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ጫካ ውስጥ፣ አያታቸው ቀፎ የሚሰቅሉበት አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። አያትየው ዛፉን ለወልደሥላሴ አባት ሰጥተው ሞቱ። አባትየው በተራቸው ሲሞቱ ደጉ ብድግ አለና «ዛፉ የኔ አባት ድርሻ ነው» አለ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ በአዲስ ሰው ተሞልቶ ማን ምን እንደሚፈርድ ስለማይታወቅ፣ እነሱም ጉዳያቸውን ይዘው የአገር ሽማግሌው ጋሽ ኃይለሚካኤል ዘንድ ሽምግልና ተቀመጡ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የሚሆነው ሰው ሁሉ አፈር ለብሷል። ስለዚህ ባለይዞታው ወልደሥላሴ ይማል ተባለ።

«በእህል ይማልልኝ» አለ ደጉ።

በእህል መማል ማለት «ከዋሸሁ የበላሁት አይውረድልኝ» ብሎ እዚያው በሁሉም ፊት መጉረስ ነው። ጉርሻው ከወረደ እውነተኛ ነህ፣ አለቀ። የደጉን ተንኮል እዩልኝ እንግዲህ! ወልደሥላሴን ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቅ እህል ይይዘዋል። ቆጮ ያለ ውሃ አይወርድለትም፤ ሥጋ ከሆነ እስኪልም ድረስ ያኝካል፤ ሌላው ስድስት ሲጎርስ እሱ ገና አንደኛው ላይ ነው። ደጉ ደግሞ «ዋጥ እንጂ፣ አንተ ጥርስ የሌለህ ሽማግሌ!» እያለ ሲያሾፍበት ነው ያደገው። ወልደሥላሴ ራሱ ግን ሰው ሁሉ እንደሱ እየታገለ የሚበላ ይመስለው ነበር። በሽታ ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። እውነት ይዤ ምን እሆናለሁ ብሎ ማለ።

ደጉ ለመሐላው ከቀረበው ጥብስ ትልቁን መርጦ፣ በደረቅ ቆጮ ጠቅልሎ፣ «እንካ ወንድሜ፣ በሞቴ» ብሎ አጎረሰው። ሽማግሌ ፊት ጉርሻ አይመለስም። ዋጠው፤ ደረቱ መሀል ሲደርስ ቆመ። አይወርድ፣ አይወጣ። ምራቁ እንኳ አላልፍ ብሎ በአገጩ ይዝረበረብ ጀመር። ሚስቱ የሻረግ ውሃ ይዛ ስትሮጥ ደጉ እጇን ለቀም አደረጋት።

«ተዪው! መሐላው ነው የያዘው! ውሃ አይሰጠውም!»

ጋሽ ኃይለሚካኤል አማተቡ። ወልደሥላሴ ደጅ ወጥቶ ተንበርክኮ ብዙ ታግሎ ሥጋውን አስመለሰው። ተመልሶ ሲገባ ዛፉ ለደጉ ተፈርዶ ነበር።

ዛፉስ ይሂድ፣ ገደል ይግባ! ስሙስ? «መሐላ የበላው ልብስ ሰፊ» ተባለ። በእህል የዋሸ ሰው ከጨርቄ ቢሰርቀኝስ ብሎ ደንበኛው ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ዞረ። ሠርግ ቢሄድ ሰው የራሱን ምግብ ትቶ የሱን አፍ ያያል። ስለዚህ መሄዱን ተወው። ቤቱ ተደብቆ አጥሚት ይጠጣል፣ እንጀራውን በወጥ አርሶ አርሶ ይውጣል። ያም ሆኖ ዓመት በጨመረ ቁጥር ጉሮሮው ጠበበ። ከሁሉ የከፋው ግን ራሱን መጠራጠሩ ነው። «አባቴ ዋሽቶኝ ይሆን እንዴ?» እያለ አባቱን፣ ያንን የዋህ ሰው፣ በመቃብሩ ሳለ ያማው ጀመር። ደጉን ለዚህ ይቅር አይለውም።

በ2003 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ አንዲት ቁራጭ የዶሮ ሥጋ ቀኑን ሙሉ ይዛው ዋለች። የሻረግ ጎትታ ጅማ ወሰደችው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ አንድ ሐኪም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፉ አስገብቶ ሥጋውን አወጣለት፤ ከጉሮሮው ሥጋም ቆንጥሮ አስመረመረ።

«አለርጂ ነው» አለው። «አስም ሳንባን እንደሚይዘው፣ የእርስዎ ደግሞ የምግብ ቧንቧዎን ይዞታል። ስንት ዓመት ሙሉ ሲቆጣ ኖሮ ጠባሳ ሆነ፤ የጠበበው ለዚህ ነው።»

ወልደሥላሴ እድናለሁ ወይ ብሎ አልጠየቀም። «መሐላ አይደለም?» አለ።

«የምን መሐላ?» ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ከመማልዎ በፊት የጀመረ ነው፣ ጌታዬ።»

ወልደሥላሴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይጻፉልኝ» አለ፤ ጻፉለት። ቧንቧውንም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት አሰፉለት። ለአስም የሚሆነውን የሚነፋ መድኃኒት ወደ አፉ ነፍቶ ወደ ውስጥ ሳይተነፍስ እንዲውጠው፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ምንም እንዳይቀምስ፣ ከወተትና ከስንዴም እንዲርቅ መከሩት። ሊወጣ ሲል ሐኪሙ «በዘር የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ከዘመድ መካከል ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል» አለው። ወልደሥላሴ በልቡ «አሜን» አለ። እግዜር ይቅር ይበለው።

ስድስት ወር እንደ ሰው በላ። ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ወረወረው። ዓመት ሳይሞላ ጉሮሮው እንደ ድሮው ሆነ። «የዕድሜ ልክ ነው አላልኩዎትም?» ብሎ ሐኪሙ ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልዘለለም። ለጤናው ብሎ መሰላችሁ? ኧረ ወዲያ! ደጉ ሲዋረድ ሳላይ አልሞትም ብሎ ነው። የነፍስ አባቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሉት ጸሎቱን ቀነሰ እንጂ ቂሙን አልቀነሰም። የሐኪሙን ወረቀት ለስንቱ አሳየ! «ወረቀትማ ምን ይላል፣ የጻፉበትን ይቀበላል» እያሉ አለፉት። ስሙን የሚመልስለት ያጠፋው አፍ ብቻ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ያ አፍ በእግሩ መጣ። ደጉ ሱቁ ደጃፍ ቆመ፤ ሸብቷል።

«አብርሆት...» አለ። አብርሆት ዋጫ ከተማ የምታስተምር ሴት ልጁ ናት። «የባልደረባዋ ሠርግ ላይ ሥጋ ያዛት። ሰው የአባቷ መሐላ ነው ይላል። ያንተን ሐኪም ስሙን ንገረኝ፣ በማርያም።»

ወልደሥላሴ መኪናውን መርገጡን አላቆመም። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ሰብስብ። ጥብስና ቆጮ አሰናዳ። ‹ዛፉ ያባቴ ነው፤ ከዋሸሁ አብርሆት የበላችው አይውረድላት› ብለህ ማል። ያኔ እነግርሃለሁ።»

ደጉ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

ማታ የሻረግ ሰምታ እሳት ጎረሰች። «አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪን አትፈራም? ልጅቷ ምን በደለች?»

«ምንም። ስሙንም አድራሻውንም ነገ ራሴ እሰጣታለሁ፤ ዓርብ አሳፍራታለሁ። ለአባትሽ ወደ ዋጫ ተመለስኩ በይው እላታለሁ።»

«ታዲያ እሱን ለምን ታቃጥለዋለህ?»

«እንዲቃጠል ነዋ!»

አብርሆት ዓርብ ሄደች። ስለ ዛፉ የሰማችው ነገር ይኑር አይኑር እንጃ፣ ዓይኗን ሰብራ «እሺ፣ አጎቴ» ብቻ ብላ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ቅዳሜ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቤት ከድሮዎቹ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁሉ ተሰበሰቡ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ደጉ ተነሥቶ ቆመ።

«ዛፉ ያባቴ ነው» አለ። «ከዋሸሁ አብርሆት...»

እንደገና «አብርሆት...» አለ። ሦስተኛውን ትቶ ተቀመጠ።

«አልምልም። ዛፉ የሱ አባት ድርሻ ነው። ጉሮሮው እንደሚይዘውም አውቅ ነበር። አውቄ ነው በእህል ይማል ያልኩት።»

«ወይኔ!» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል። «ወይኔ ልጄ፣ እኔ ነኝ የፈረድኩብህ! ዛፍህም ስምህም ያንተ ነው፣ ሁላችሁም ስሙ!»

ወልደሥላሴ ሃያ ዓመት የጠበቀውን ሰማ። አልበቃውም። ከጥብሱ ትልቁን መረጠ፣ በደረቅ ቆጮ ጠቀለለ።

«እንካ ወንድሜ፣ በሞቴ።»

ሽማግሌ ፊት ጉርሻ አይመለስም። ደጉ እያለቀሰ ተቀበለ፣ እያለቀሰ አኘከ፣ ሊውጥ ሞከረ። በሕይወቱ አንድ ቀን ታሞ የማያውቀው ጉሮሮ እንቢ አለ። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁን ወደ ውሃው ዘረጋ። ውሃው ያለበት ጣሳ ወልደሥላሴ እጅ ላይ ነበር። የሻረግ «ስጠው እንጂ!» አለች። 

ወልደሥላሴ ጣሳውን አነሣና ራሱ ጠጣው። ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻው። ምንም ሳይዘው ወረደለት።

ባዶውን ጣሳ ደጉ ፊት አስቀመጠ። «አብርሆት ትናንት አዲስ አበባ ገብታለች፤ ሐኪሙ ሰኞ ያያታል» አለውና ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።