አልሞተም፣ እየጠበቀ ነው

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን መርካቶ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በዚያ ዓርብ ከደረሰብኝ ነገር የቱ ጥፋቴ፣ የቱ ዕድሌ እንደነበር እስካሁን ስላልለየልኝ ነው። ማስረዳት ሥራዬ ነው። ይህን ግን ለሰው መንገር በጀመርኩ ቁጥር መሃል ላይ ይጠፋብኛል። እስቲ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክረው።

የማስተምረው ሸማ ተራ አጠገብ ባለ ሕንፃ ላይ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ነው። ከታች የጋቢና የነጠላ ሱቆች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኛ። ትምህርቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ተማሪዎቼ በወረቀት ብቻ እንዳይማሩ ብዬ አንድ ትንሽ ከርነል ጽፌላቸዋለሁ። ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ የውስጥ አስተዳዳሪ ነው። የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቀም የሚወስነው እሱ ነው።

የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ አንድ ብቻ አይደለም። አራትም ስምንትም ሆነው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እኩል ጽፈው እንዳያበላሹ ለቦታው ቁልፍ ይደረግለታል። ቁልፉን የያዘው ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ናትናኤል እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የትኛው ቁልፍ? የበሩ ነው የሸሚዙ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ምሳሌ ለመስጠት ምክንያት አገኘሁ። "ሁለት ልብስ ሰፊዎች አስብ" አልኩት። "አንዱ መቀሱን ይዞ ሜትሩን ይጠብቃል። ሌላው ሜትሩን ይዞ መቀሱን ይጠብቃል። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ዘላለም።"

"ኧረ ቲቸር! የመርካቶ ሰፊ ይደባደባል እንጂ ዘላለም አይጠብቅም።"

ፕሮሰሰር ግን አይደባደብም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን በሚገባ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የራሴ ከርነል ቆመ። የስህተት መልእክት የለም፣ ድምፅ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ባለበት ደረቀ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ሠራ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቆመ። የት ላይ እንደሚቆም ለማወቅ በየቦታው "እዚህ ደረስኩ" የሚል ጽሑፍ እንዲያወጣ አደረግሁት። ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ሠራ። ጽሑፎቹን ሳወጣቸው ቆመ። ስመልሳቸው አልቆመም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ታምራት ጉዳዩን ሰምተው መጡ። ከጀርባዬ ቆመው አዳመጡኝ።

"አንተ ስትከታተለው አይቆምም፣ ዞር ስትል ይቆማል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሰው ፊት ጨዋ የሚሆን ልጅ ነዋ የወለድከው።"

ከዚያ ቀልዱን ትተው ቁርጡን ነገሩኝ። ሰኞ የተግባር ፈተና አለ። ዓርብ ከሰዓት እሳቸው ራሳቸው ያዩታል፣ ያለ "እዚህ ደረስኩ" ጽሑፎቼ። ከቆመ ፈተናው በወረቀት ይሆናል፣ የእኛ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ሰዓትም ለአካውንቲንግ ተማሪዎች ይሰጣል።

ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ያ ቀልደኛው ናትናኤል ቤቱ ኮምፒውተር የለውም። ጠዋት በሩ ሳይከፈት መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንደሱ ያሉ ሌሎችም አሉ። ሰዓቱ ከተወሰደ እነሱ ከርነልን በስም ብቻ አውቀው ይመረቃሉ።

አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ስጨነቅ አይቶ፣ አክስቱ ለብዙ ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ እንደቆዩ ነገረኝ። እትዬ ራሔል ይባላሉ። ዓርብ ለገና ጋቢ ሊገዙ ሸማ ተራ ስለሚመጡ፣ ጎራ ብለው ያዩልኛል። በመልክ አላውቃቸውም።

ዓርብ ጠዋት ደወሉ። ከጀርባቸው ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"አንተ ልጅ፣ የዚህ ስልክ ባትሪ ሊያልቅ ነው። በሌላው ሚስኮል አደርግልሃለሁ፣ እሺ?"

"እሺ፣ እትዬ ራሔል" አልኩ። ተቋረጠ።

ከምሳ በፊት ከማላውቀው ቁጥር ሚስኮል ገባ። ቁጥሩን እንድይዘው መሆኑ ነው አልኩ። "እትዬ ራሔል ሁለት" ብዬ መዘገብኩትና ገበያቸውን ጨርሰው እስኪደውሉ መጠበቅ ጀመርኩ። አልደወሉም። ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳለሁ። ደግሞ ለእኔ ብለው የሚደክሙትን ትልቅ ሰው በገበያ መሃል ማጣደፍ ነውር ነው ብዬ አስቀምጠዋለሁ።

ጋሽ ታምራት የሚመጡበት ሰዓት ሲደርስ ግን ነውሩን ትቼ ደወልኩ። ኔትወርክ እምቢ አለ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

አይታችሁት የማታውቁትን ሰው በገና ሰሞን ሸማ ተራ ውስጥ ፈልጉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? እኔ ብቻዋን ከቆመች አንዲት ሴት ጀመርኩ።

"ይቅርታ፣ እትዬ ራሔል ነዎት?"

"ራሔል እንኳ አይደለሁም፣ ጋቢ ግን አለኝ። ለእናትህ ነው?"

ሁለት ሦስት ሰው ከጠየቅሁ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩ። ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ስደርስ ከቤተ ሙከራው የሴት ጩኸት ሰማሁ።

"እንዳይነኩት! እጅዎን ያንሱ!"

ሮጬ ገባሁ። ጋሽ ታምራት እኔን ሲያጡ ከርነሉን ራሳቸው አስነስተውታል። ስክሪኑ ደርቋል። ጣታቸው የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ላይ ነው። በሩ ሥር በሁለት እጃቸው ትልልቅ ፌስታል ያንጠለጠሉ ሴት ቆመዋል።

"እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?" አሉ ጋሽ ታምራት።

"ጋቢ ልገዛ የመጣሁ ሰው ነኝ። እባክዎ አያጥፉት።"

"ሞቷል እኮ!"

"አልሞተም፣ እየጠበቀ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህሩ አንተ ነህ? ሚስኮል አድርጌልህ እታች ቆሜ እግሬ አለቀ!"

"ቁጥር መያዣ መስሎኝ ነው፣ እትዬ።"

"ቁጥር መያዣ! እኔ ደግሞ ጨርሻለሁ ውረድ ማለቴ ነው። ስትዘገይ እያስተማረ ይሆናል፣ ደውዬ አልረብሸው ብዬ..."

ጋሽ ታምራት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። ማንን አስቀድሜ ይቅርታ እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ። ቤተ ሙከራው እንደሆነ አልቆለታል ብያለሁ።

እትዬ ራሔል ፌስታላቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። "ሲቆም ምን ታደርጋለህ?"

"አጥፍቼ አበራዋለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ምስክሮቹን ሁሉ አባረሃቸዋላ!"

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ከርነሉ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተ አንድ መስኮት ውስጥ፣ አራት ፕሮሰሰር እንዳለው ሆኖ ነው። ከሌላ መስኮት ሆኖ እያንዳንዱን ፕሮሰሰር "የት ቆመሃል?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መሣሪያውን አውቀዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። ሲቆምብኝ ግን ስለምደነግጥ እጄ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነበር።

የመጀመሪያውን ጠየቅን። የዲስኩን ቁልፍ ይዞ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ቁልፍ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ጠየቅን። የዝርዝሩን ቁልፍ ይዞ የዲስኩን ይጠብቃል። የቀሩት ሁለቱ ከእነሱ ኋላ ተሰልፈዋል። ጋሽ ታምራት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ጥፋተኛው የትኛው ነው?"

ሁለቱንም የኮድ ክፍሎች ከፍቼ አነበብኩ። አንዱን ሳነብ ትክክል ነው። ሌላውንም ሳነብ ትክክል ነው።

"ሁለቱም ትክክል ናቸው" አልኩ።

"ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ታዲያ ለምን ቆመ?"

የልብስ ሰፊዎቹን ምሳሌ ጀመርኩላቸው። መሃል ላይ መቀሱን የያዘው የትኛው እንደነበር ጠፋኝ።

"ጥፋቱ ተራው ላይ ነው" አሉ እትዬ ራሔል።

"የምን ተራ? ሸማ ተራ?"

"ቁልፍ የሚነሳበት ተራ" አሉ እየሳቁ። "አንደኛው ከዲስኩ ይጀምራል፣ ሌላኛው ከዝርዝሩ። ሁሉም ከአንድ ወገን ይጀምር።"

"ያ 'እዚህ ደረስኩ' የሚለውስ እንዴት አዳነው?" ጠየቁ ጋሽ ታምራት።

ይህችን እንኳ መመለስ ቻልኩ። ስክሪኑም የራሱ ቁልፍ አለው። አራቱም ለመጻፍ ተራ ስለሚጠብቁ፣ ሁለቱ ባላንጣዎች እኩል አይደርሱም ነበር። ችግሩን ላይበት ያስገባሁት ነገር ችግሩን ደበቀብኝ ማለት ነው።

አስተካክለን አስነሳነው። እትዬ ራሔል የገዙትን ጋቢ አጣጥፈው እስኪጨርሱ፣ ከዚያም አልፎ ጋሽ ታምራት ቀጠሯቸው እስኪያልፋቸው ድረስ አልቆመም።

"እንግዲህ ተስተካከለ ማለት ነው?"

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን 'እዚህ ደረስኩ' የሚሉት ጽሑፎች እያሉም እኮ ቀኑን ሙሉ አልቆመም ነበር። እትዬ ራሔልን አየኋቸው። እሳቸው ፌስታል ያስራሉ፣ አላገዙኝም።

"እነዚህ ሁለቱ ከእንግዲህ አይያያዙም" አልኩ። "እንደነሱ ያሉ ሌሎች እንዳሉ ግን አላውቅም።"

ጋሽ ታምራት ከወንበሩ ተነሱ። ቤተ ሙከራውን በራሴ አፍ አስወሰድኩት ብዬ አሰብኩ።

"ሰኞ የተስተካከለውን አትስጣቸው" አሉ በመጨረሻ። "የሚቆመውን ስጣቸው። እኔም እመጣለሁ።"

ሰኞ ተማሪዎቹ አሮጌውን አስነስተው እስኪቆም ጠበቁ። ጋሽ ታምራት በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉም ፕሮሰሰሮቹን እየጠየቀ ዲስክና ዝርዝር እያለ ሲጽፍ፣ ናትናኤል ጠራኝ።

"ቲቸር፣ የኔ እነሱ ጋ አይደለም የቆመው። ሦስት ሆነው ነው የተያያዙት።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አቋቋም ነበር። ክፍሉ በሙሉ ማብራሪያዬን ይጠብቃል።

"አላውቅም" አልኩት። "ጠጋ በል፣ አብረን እንየው።"

ሁለቱ የያዙትን ቁልፍ ለይተን የሦስተኛውን ልንጠይቅ ስንል መብራት ሄደ። ስክሪኖቹ ሁሉ ጠፉ። ከበሩ የጋሽ ታምራት ድምፅ ብቻ፣ "አይ! አንድ ነበር እኮ የቀረው!" ሲል ተሰማ።

የቤተ ሙከራው ሰዓት አልተነካም። ያ የሦስቱ አቋቋም ግን ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ተስተካክሎ ይሁን ቀኑን እየጠበቀ፣ አላውቅም። ድሮ ከርነሉ ሲቆም ነበር የምደነግጠው። ዛሬ ጠዋት አስነስቼው ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም እንከን ሠራ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ።